ምድሪቱን ሰጥቶን እርሱ ቢቀርስ?



የዛሬው ጽሑፋችን ተግሣጽ ነው፤ ተግሣጹ ግን ከሁሉ አስቀድሞ የሚያርፈው በእኛው በአገልጋዮቹ ላይ ነው። ነገሩን ከጀመረበት እንጀምር።

ሳሪስ በምናገለግልበት ጉባኤ ውስጥ አንዲት እናት አሉ። ገበያው ዳር ጉልት ተቀምጠው ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ቃሪያ ይሸጣሉ። አንድ እሁድ ጠዋት አምልኮ ሳይጀመር ወደ መርሐ ግብር መሪው ቀረቡና መመስከር እንደሚፈልጉ ነገሩት። «እማማ፣ ጌታ ምን አደረገልዎት?» ብሎ ጠየቃቸው። «ሳምንቱን ሙሉ አብሮኝ ዋለ፤ እሱን ልናገር ነው» አሉት። ልጁ የያዘውን ወረቀት አየ። ለዕለቱ ሦስት ምስክርነቶች ተይዘዋል። አንዱ ከብዙ ዓመት ጥበቃ በኋላ ኮንዶሚኒየም የደረሰው ወንድም ነው፤ ሁለተኛዋ የካናዳ ቪዛ የተመታላት እህት ናት፤ ሦስተኛው መኪና የገዛ ወንድም ነው። «ለሌላ ቀን ይሁንልን እማማ» አላቸው። እኛም አጠገባቸው ቆመን ሰማን። ያሳሰበን ሰዓቱ ነበር፤ ዝም አልን።

ያ ሌላ ቀን አልመጣም። እኚህ እናት ከጉባኤ ቀርተው አያውቁም፤ ለመመስከር ግን ዳግመኛ አልጠየቁም። ልጁን አንወቅሰውም። እርሱ ያደረገው ለዓመታት ከመድረክ ያስተማርነውን ነው። የእግዚአብሔር ሞገስ በቁልፍ፣ በቴምብርና በሊብሬ የሚታይ ነገር እንደሆነ የሰማው ከእኛ ነው። ስለዚህ ይህን ትምህርት ዛሬ በስሙ ጠርተን ልንቃወመው እንወዳለን፤ ስሕተት ነውና።

«ሞገስ» የሚለው ቃል ምን ሆነብን?

በከተማችን የሚሰቀሉትን ባነሮች ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። የሞገስ ዓመት፣ የሞገስ ወር፣ የሞገስ ኮንፈረንስ ይላሉ። ቃሉ የመጽሐፍ ቅዱስ ነው፤ ክብሩም ታላቅ ነው። እኛ ግን ትርጉሙን ቀስ በቀስ አጠበብነው። አሁን ሞገስ ሲባል በብዙዎቻችን አእምሮ የሚመጣው ቢሮ ስንገባ ጉዳያችን ቶሎ ማለቁ፣ ዕጣ ሲወጣ ስማችን መጠራቱ፣ ከተሰለፈው ሁሉ ቀድመን መስተናገዳችን ነው። ወረፋ ተዘልሎ የተገኘ ሞገስ ከኋላችን ለቆመው ሰው ምን እንደሆነበት ግን አንጠይቅም።

«ህልውናው» የምንለውም ቃል እንዲሁ ሆኗል። «ዛሬ ህልውናው ከባድ ነበር» እንላለን። ብዙ ጊዜ ይህን የምንለው ኪቦርዱ ረዝሞ በተመታበት፣ ድምፅ ማጉያው ደረታችንን ባንቀጠቀጠበት ቀን ነው። መብራት ሲጠፋስ? ሙዚቃው ይቆማል፤ ሰውም ሰዓቱን ያያል። የእግዚአብሔር መገኘት ከቆጣሪ ጋር የተያያዘ ይመስል! የሰማይና የምድር ጌታ ከእኛ ጋር ለመሆን ሶኬት አያስፈልገውም።

ሙሴ ያልተቀበለው ስጦታ

ዘጸአት ምዕራፍ 33ን ደግመን እናንብብ። ሕዝቡ በሲና ሥር የወርቅ ጥጃ ሠርቷል። ከዚያ በኋላ እግዚአብሔር ለሙሴ የተናገረው ነገር ብዙ ጊዜ ሳናስተውለው የምናልፈው ነው። ወተትና ማር ወደምታፈስሰው ምድር ውጡ አለ። በፊታችሁ መልአክ እልካለሁ፣ አሕዛብንም አባርራለሁ አለ። እርሱ ራሱ ግን በመካከላቸው ሆኖ እንደማይወጣ ተናገረ።

ምን እንደቀረበላቸው አስተውሉ። ርስቱ አለ፣ ጥበቃው አለ፣ ድሉ አለ። ዛሬ በየመድረኩ «ተቀበሉ!» እየተባለ የሚታወጀው ሁሉ ተሟልቷል። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰጪው ራሱ። በእውነት እንናገር ካልን፣ ይህ ነገር በዚህ ዘመን ለብዙዎቻችን ጉባኤዎች ቢቀርብ እልል ብለን ተቀብለን በሚቀጥለው እሁድ እንመሰክርበት ነበር። እርሱ አለመኖሩንም የምናውቀው ከስንት ጊዜ በኋላ ይሆን?

እነዚያ አንገተ ደንዳና የተባሉት ሕዝብ እንኳ ከእኛ ተሻሉ። ቁጥር 4 እንደሚነግረን ይህን ሲሰሙ እንደ ክፉ ወሬ ቆጠሩት፤ አዘኑ፤ ጌጣቸውንም አላደረጉም። ሙሴም ቁጥር 15 ላይ፣ አንተ ከእኛ ጋር ካልወጣህ ከዚህ አታውጣን ብሎ ለመነ። «ከዚህ» ያለው የት ቆሞ ነው? ምድረ በዳ ላይ! እርሱ የሌለበት ማርና ወተት ከሚሆን፣ እርሱ ያለበት አሸዋና ድንጋይ ይሻለኛል ማለቱ ነው።

ቀጥሎም በቁጥር 16 ሞገስ ምን እንደሆነ ራሱ ሙሴ ይነግረናል። ሞገስ ማግኘታችን በምን ይታወቃል ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱንም ራሱ ይሰጣል፤ አንተ ከእኛ ጋር በመሄድህ አይደለምን ይላል። እዚህ ላይ ሞገስ የተባለው የዕብራይስጥ ቃል «ሔን» ነው፤ ቁጥር 14 ላይ ስለ መገኘቱ የተነገረው «ፓኒም» ሲሆን ፍች ትርጉሙ ፊት ማለት ነው። እንግዲህ በሙሴ ሚዛን ሞገስ ማለት የእግዚአብሔር ፊት ከእኛ ጋር መሄዱ ነው። ምድሪቱ ከዚያ በኋላ የምትመጣ ናት።

ሞገስ ያገኙ ሰዎች መጨረሻቸው የት ሆነ?

ይህን በአንድ ምዕራፍ ላይ ብቻ የቆመ ክርክር እንዳታደርጉት ሌሎቹንም እንይ። ዮሴፍ ሞገስ እንዳገኘ የተጻፈው የት ነው? አንዱ ዘፍጥረት 39፥21 ላይ ነው፤ እስር ቤት ውስጥ። ሞገሱ በዚያን ቀን በሩን አልከፈተለትም። እግዚአብሔር ከእርሱ ጋር ነበረ፤ እርሱም በዚያ ቆየ።

ድንግል ማርያምስ? በሉቃስ 1፥30 መልአኩ በእግዚአብሔር ፊት ሞገስ ማግኘቷን ነገራት። ከዚህ ሞገስ በኋላ የመጣው ምንድን ነው? በእንግዳ ማረፊያ ቦታ ማጣት፣ ሕፃን ታቅፎ ወደ ግብፅ መሰደድ፣ በመጨረሻም መስቀል ሥር መቆም ነው። ስምዖን በነፍሷ ሰይፍ እንደሚያልፍ አስቀድሞ ነግሯት ነበር። ሞገሷ ግን እውነተኛ ነበር፤ አማኑኤልን፣ ከእኛ ጋር የሆነውን አምላክ፣ በማሕፀኗ ተሸክማለችና።

እዚያው ሉቃስ 1፥30 ላይ ሞገስ ተብሎ የተተረጎመው የግሪክ ቃል «ካሪስ» ነው። ጳውሎስ ስለ መዳናችን ሲጽፍ ጸጋ የሚለውም ይህንኑ ቃል ነው። ምስጋና የምንለው «ኤውካሪስትያ» ደግሞ ይህንኑ ካሪስ በውስጡ ይዟል። ምስጋና ከጸጋ የሚወለድ እንጂ ከዕቃ የሚወለድ አይደለም። በክርስቶስ ጸጋን ያገኘ ሰው፣ ኪሱ ባዶ በሆነበት ቀን እንኳ፣ የሚያመሰግንበት አያጣም።

አባቶቻችን ያለ ድምፅ ማጉያ

ይህ የመጽሐፍ ነገር ብቻ አይደለም፤ በዚህችው አገር የታየ ነው። በልጅነታችን ወንጌል አማኝ መሆን በሹክሹክታ መዘመር ነበር። መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን እንውሰድ። በ1974 ዓ.ም. ደርግ ዘጋት፤ ሕንፃዎቿና ገንዘቧ ተወረሱ፤ መሪዎቿ ለዓመታት ታሰሩ። ስትዘጋ አባሎቿ 5,000 ያህል ነበሩ። ምእመናን በየቤቱ ጥቂት ጥቂት እየሆኑ ተሰበሰቡ፤ ቃሉን ተካፈሉ፤ ጎረቤት እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አመሰገኑ። ደርግ በ1983 ዓ.ም. ወድቆ ወደ አደባባይ ስትወጣ የአባሎቿ ቁጥር ወደ 34,000 ደርሶ ነበር። አዳራሽ አልነበራትም፤ ባነር አልነበራትም፤ ህልውናው ግን ነበረ!

የቄስ ጉዲና ቱምሳም ነገር ከዚህ የበለጠ ይወቅሰናል። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ነበሩ። ከመታሰር ወጥተው ሳሉ ከአገር የሚወጡበት መንገድ ተመቻችቶላቸው ነበር፤ የታንዛኒያው ፕሬዚዳንት ኔሬሬ ጭምር እጃቸውን አስገብተውበታል። እርሳቸው ግን መንጋዬን ትቼ አልሄድም አሉ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ታፍነው ተወሰዱ፤ ተገደሉም። ይህም በእርግጠኝነት የታወቀው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። ባለቤታቸው ፀሐይ ቶሎሳ ደግሞ አሥር ዓመት ያህል ታሰሩ።

እንግዲህ በእኛ የዛሬ መለኪያ ይህን እንመዝን። የመውጫው በር ተከፍቶላቸው ነበር። በእኛ ቋንቋ «የሞገስ በር» ነበር፤ እሑድ የሚመሰከርለት ዓይነት። አልገቡበትም። ታዲያ ሞገስ ጎደላቸው እንበል? ይህን ለማለት የሚደፍር ካለ ይነሣ። እኛ ግን በሙሴ ሚዛን ሞገስ እንዳልጎደላቸው እናምናለን፤ እርሱ አብሯቸው ነበርና።

ስደትን አናሞግስም። ያደረገው ክፋት ክፋት ነው። ነገር ግን የዛሬውን እናስተያይ። በ1987 ዓ.ም. ቆጠራ ከአገሪቱ ሕዝብ ፕሮቴስታንት ነኝ ያለው 10.2 በመቶ ነበር፤ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ 18.6 በመቶ ሆነ። በ2012 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ወንጌል አማኞች አብያተ ክርስቲያናት ካውንስል በአዋጅ ሕጋዊ ሰውነት አገኘ። ቁጥር አለን፤ አዳራሽ አለን፤ ቴሌቪዥን አለን፤ እውቅና አለን። እግዚአብሔር ይመስገን! ምድሪቱ ተሰጥታናለች። ጥያቄያችን ግን የሙሴ ጥያቄ ነው፤ እርሱስ ከእኛ ጋር ወጥቷል ወይ?

«ታዲያ ስለ ቤቱ አናመስግን?»

ይህን ስናስተምር የሚነሡ ሁለት ጥያቄዎች አሉ።

የመጀመሪያው «ስለ ቤትና ስለ ቪዛ ማመስገን ኃጢአት ነው ወይ?» የሚል ነው። በፍጹም አይደለም። ያዕቆብ 1፥17 እንደሚያስተምረን በጎ ስጦታ ሁሉ ከላይ ነው። ለዓመታት ኪራይ ሲገፋ የኖረ ወንድም ቁልፍ ሲቀበል እንባው ቢወርድ አብረነው እናለቅሳለን። ከአሥሩ ለምጻሞች አንዱም የተመለሰው ሥጋው ስለነጻ ነው (ሉቃስ 17፥11-19)። ዘጠኙ ግን ፈውሱን ይዘው ሄዱ፤ አንዱ ወደ ፈዋሹ ተመለሰ፤ በእግሩም ሥር ወደቀ። ልዩነቱ ይህ ነው። ምስክርነታችን ሰሚውን ወደ ኢየሱስ እግር ካላመጣው፣ ስለ መኪና የተነገረ ወሬ ሆኖ ይቀራል። ይባስ ብሎ ደግሞ መኪና የሌለውን ወንድም «እኔን ጌታ ረስቶኛል» አሰኝቶ ወደ ቤቱ ይሸኘዋል።

ሁለተኛው ጥያቄ የከበደ ነው። «ኑሮው እንዲህ ከብዶ ሳለ ድሃውን አመስግን ማለት ዝም በል ማለት አይደለም ወይ?» ይሉናል። ከፋብሪካ የተቀነሰ፣ ቤቱ የፈረሰበት፣ ልጁ በጦርነት የሞተበት ሰው ይህን ቢጠይቅ መብቱ ነው። መልሳችንም ይህ ነው፤ መጽሐፍ ቅዱስ ሐዘንን አያፍንም። በመዝሙር 13 ዳዊት እስከ መቼ እያለ እየጮኸ ይጀምራል፤ የሚጨርሰው በዝማሬ ነው፤ ጩኸቱ ግን አልተሰረዘም። ዕንባቆምም በምዕራፍ 3 በለሱ አላፈራም፣ በጋጣም ከብት የለም ብሎ እውነቱን ቆጥሮ ነው በእግዚአብሔር ሐሤት የሚያደርገው። ክፉውን በጎ ነው ብሎ መዋሸት ምስጋና አይደለም። ምስጋና፣ በዚህ ክፉ ቀን ውስጥም እርሱ አልተወኝም ማለት ነው። ሐዘንተኛን በምስጋና ስም ዝም የሚያሰኝ አገልጋይ ካለ፣ የኢዮብን ወዳጆች መከተሉን ይወቅ።

ምስጋና ሰኞ ጠዋት

ዕብራውያን 13 ላይ ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ቁጥር 15 የከንፈርን ፍሬ፣ የምስጋናን መሥዋዕት እንድናቀርብ ያዝዛል። ቁጥር 16 ደግሞ መልካም ማድረግንና ማካፈልን እንዳንረሳ ያሳስባል፤ ይህም እግዚአብሔርን ደስ የሚያሰኝ መሥዋዕት ነው ይላል። እኛ የመጀመሪያውን እሑድ እናቀርባለን፤ ሁለተኛውን ግን ሰኞ እንረሳለን።

ሰኞ ጠዋት ሳሪስን እዩአት። ጭነት መኪናው የደብረ ዘይትን መንገድ ይዞ ይወርዳል፤ ወዛደሩ ወደ ፋብሪካ ይገሠግሣል፤ ታክሲ ተራው ሰልፍ ነው፤ ባቡሩ አፍ እስከ ገደፉ ይሞላል። ሰው ሁሉ ሲገናኝ «እንዴት አደርክ?» ሲባል «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። በቀን ስንት ጊዜ እንለዋለን? ከዚያ በኋላ የምናደርገው ግን ያልነውን ይመሰክርብናል ወይ ይመሰክርልናል።

ስለዚህ ወንድሞችና እህቶች፣ ራሳችንን እንጠይቅ። ነጋዴ ከሆንን ሚዛናችን ያመሰግናል ወይ? በቢሮ የምንሠራ ከሆንን ጉቦ ያልያዘውን ባለ ጉዳይ ስናስተናግድ ፊታችን ያመሰግናል ወይ? ሠራተኛ የቀጠርን ደሞዝ በቀኑ እንከፍላለን ወይ? ያዕቆብ 5፥4 የተነፈገ ደመወዝ ራሱ እንደሚጮኽ ይናገራል። የሠራተኛውን ደሞዝ አቆይቶ በፖስታ የምስጋና ስጦታ የሚያስገባ ሰው፣ ከፖስታው ይልቅ ያ ጩኸት ቀድሞ እግዚአብሔር ጆሮ ይደርሳል። በቤታችን የምትሠራው ልጅስ? እኛ በመገኘቱ ደስ ሲለን እርሷ ምሳ ልትሠራ ቤት ትቀራለች። እሑድ ጠዋት ወደምትወደው ቤተ ክርስቲያን የምትሄድበት ሰዓት ሰጥተናታል ወይ?

ጌታ ከእኛ ጋር መኖሩን ያመነ ሰው እነዚህን ነገሮች አቅልሎ ማየት አይችልም። እርሱ ሚዛኑ አጠገብ ቆሟል። እርሱ ማጀቱ ውስጥ ነው። መገኘቱ መጽናኛችን እንደሆነ ሁሉ መመርመሪያችንም ነው።

እኛ በጉባኤያችን አንድ ነገር ለመለወጥ ወስነናል። ከእንግዲህ የሚመሰክርን ሰው «ጌታ ምን ሰጠህ?» ብለን አንጠይቀውም፤ «በዚህ ሳምንት ጌታን የት አገኘኸው?» እንለዋለን። ቁልፍ የተቀበለውም ይመልሰዋል፤ በሆስፒታል አልጋ አጠገብ ያደረችውም ትመልሰዋለች። እናንተም በቤታችሁ ማታ ማታ ማዕድ ላይ ልጆቻችሁን ይህን ጠይቁ። ልጆች የሚመልሱት ያስደንቃችኋል።

ገና በመፈለግ ላይ ላላችሁ

ይህን የምታነቡ፣ ጌታን ገና ያልተቀበላችሁ ወዳጆቻችን፣ ምናልባት ከእኛ የሸሻችሁት ስለ መኪና በሰማችሁት ምስክርነት ይሆናል። ይቅርታ እንጠይቃችኋለን። ወደ ክርስቶስ የምንጠራችሁ ሀብት ይጨመርላችኋል ብለን አይደለም። እግዚአብሔር በልጁ ወደ እኛ ቀርቧል፤ ኃጢአታችንን በመስቀል ላይ ተሸክሟል፤ ተነሥቷል፤ እስከ ዓለም ፍጻሜም ከእናንተ ጋር ነኝ ብሏል። በየቀኑ «ተመስገን» የምትሉት አምላክ ስም አለው፤ ሊቀበላችሁም ይወዳል። ባላችሁበት ቦታ፣ በቀላል ቃል ጥሩት።

በመጨረሻ፣ ስለ እኚያ እናት። ባለፈው ሳምንት ከአንድ ሽማግሌ ጋር ሆነን ወደ ጉልታቸው ሄድንና ይቅርታ ጠየቅናቸው። «ኧረ ፓስተር፣ ምን አጠፋችሁ?» አሉና ቲማቲም መደርደራቸውን ቀጠሉ። ያኔ ሊመሰክሩ የነበረውን እንዲነግሩን ለመንናቸው። «ክረምት ነበር» አሉ፤ «ሳምንቱን ሙሉ ዘነበ፤ ገበያ የለም፤ ግማሹ ዕቃዬ በሰበሰብኝ። ላስቲኩ ሥር ቁጭ ብዬ ሳለቅስ ብቻዬን እንዳልሆንኩ አወቅሁ። ሌላ ነገር የለም። ይኸው ነው።»

ሙሴ ምድረ በዳ ላይ ቆሞ የለመነው ይህንኑ ነበር። እኛ ግን ሰዓት የለንም አልናቸው።

ጌታ ሆይ፣ ይቅር በለን። ስጦታህን ይዘን አንተን የረሳንበትን ቀን ሁሉ ይቅር በለን። ካንተ ጋር ከሆንን ባለንበት ይበቃናል። አንተ ካልወጣህ ግን አታውጣን። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን።